ፔት ሳውንድስን በ192 ኪሎኸርዝ ገዝቼ ለውጥ ያጣሁት ለምንድን ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ ጠያቂው የቢች ቦይስን «ፔት ሳውንድስ» በ24 ቢት/192 ኪሎኸርዝ፣ የቢትልስን «ሪቮልቨር» በ24/96 ገዝተዋል። «ራበር ሶል»ን ደግሞ በዩኤስቢ ከወጣው የ24/44.1 ስብስብ አግኝተዋል። የሚያዳምጡት በስልክ፣ በትንሽ የዩኤስቢ ዳክ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር መሣሪያ) እና በጆሮ ማዳመጫ ነው። ከድሮ ሲዲዎቻቸው ጋር ሲያስተያዩት «ፔት ሳውንድስ» ምንም አልተለወጠባቸውም፤ «ሪቮልቨር» ጭራሽ ሌላ ሥራ መስሏቸዋል፤ «ራበር ሶል» ለምን በ44.1 ብቻ እንደወጣም አልገባቸውም። «ተጭበርብሬ ነው ወይስ ጆሮዬ ነው?» ይላሉ።

ምላሽ፦

አልተጭበረበሩም፣ ጆሮዎም ጤነኛ ነው። ገንዘቡ የወጣው ግን ብዙ ለውጥ በማያመጣው ነገር ላይ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ለተቀዳ አልበም (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የድምፁን ጥራት የሚወስነው በመጀመሪያ የትኛው ሚክስ (የተቀዱት ድምፆች ቅልቅል) እንደሆነ፣ ቀጥሎ ከየትኛው ቴፕ እንደተገለበጠ፣ ከዚያ ማስተሪንግ (ከሕትመት በፊት የሚደረገውን የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) የሠራው ሰው ምን እንዳደረገበት ነው። ቢቱና ኪሎኸርዙ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ያውም በጣም ርቆ። ሻጮች በጉልህ የሚጽፉት ግን ያንኑ ቁጥር ነው፤ ሌላውን ፈልጎ ማግኘት የገዢው ዕዳ ሆኗል።

ቁጥሩ ለምን ብዙ እንደማይረዳ ከቴፑ እንነሳ። በዚያን ጊዜ ስቱዲዮ ውስጥ በሴኮንድ 15 ኢንች በሚሮጥ ቴፕ ላይ፣ ከከፍተኛው ድምፅ እስከ ቴፑ የራሱ ሽሽታ ያለው ርቀት 60፣ ቢበዛ 70 ዲሲቤል ነው። ሽሽታ የምለው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት «ሽሽሽ» እያለ የሚሰማውን ነው። የዶልቢ ሽሽታ ማሳነሻ ወደ ስቱዲዮ መግባት የጀመረው በ1966 ገደማ ስለሆነ አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ቅጂዎች ያለ እሱ የተሠሩ ናቸው። በዚያ ላይ የቴፑ አራት ትራክ (ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳባቸው መስመሮች) ሲሞላ ወደ ሌላ ቴፕ ገልብጠው ቦታ ያስለቅቁ ነበር፤ በተገለበጠ ቁጥር ሽሽታው ይደራረባል። 16 ቢት 96 ዲሲቤል ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ተራው ሲዲ ሙዚቃውንም ሽሽታውንም ሳይጎድል ተሸክሞ ቦታ ይተርፈዋል። 24 ቢት የሚጨምረው ከሽሽታው በታች ያለውን ባዶ ነው።

ኪሎኸርዙም እንዲሁ ነው። 44.1 እስከ 22.05 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ቀጭን ድምፅ ይይዛል፤ የጎልማሳ ጆሮ ግን ከ16 ወይም 17 ኪሎኸርዝ በላይ እምብዛም አይሰማም። 192 እስከ 96 ኪሎኸርዝ ይወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ ከ1966 ቴፕ የሚገኘው በአብዛኛው ሽሽታ ነው።

ታዲያ ስቱዲዮዎች ለምን በ24/192 ይገለብጣሉ? ለሥራ ነው። ኢኳላይዘር ሲነካ፣ ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲደረግ፣ ጠቅታ ሲነቀል ስሌቱ ብዙ ቢት ይፈልጋል፤ አሮጌ ቴፕ ደግሞ በየዓመቱ አውጥቶ አይጫወትም፣ አንዴ ከተገለበጠ በተቻለው ስፋት መገልበጥ አለበት። ለአድማጭ ከደረሰ በኋላ ያ ስፋት ጥቅሙ ያንሳል። እኔ 24/96ን ከዚህ ዘመን አልበም ላይ የሚያስፈልገውን ሁሉ የያዘ ጣሪያ አድርጌ ነው የማየው፤ ለ192 ተጨማሪ መክፈል አልመክርም።

አሁን ወደ ሦስቱ አልበሞችዎ።

«ራበር ሶል» ሲጠና ነገሩ ሁሉ ይገለጣል። አልበሙ በታኅሣሥ 1965 ሲወጣ ጊዜና ትኩረት ያገኘው የሞኖው ሚክስ ነበር። ስቴሪዮው ፈጠን ተብሎ የተሠራ ነው፤ መሣሪያውን በአንድ ወገን፣ ዘፋኙን በሌላ ወገን ገፍቶ ያስቀምጣል። አልበሙ ወደ ሲዲ ሊገባ ሲል በ1986 የቢትልስ ፕሮዱሰር ጆርጅ ማርቲን ከአራት ትራኩ ቴፕ አዲስ ስቴሪዮ ሚክስ ሠራ፤ የ1987ቱ ሲዲ ያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የስቴሪዮ ሪማስተርም (ዳግም ማስተሪንግ) ያንኑ የ1986 ሚክስ ነው የተጠቀመው። «ሄልፕ!» የተባለው አልበምም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ሚክሱ ያረፈው በ1980ዎቹ አጋማሽ ዲጂታል መቅጃ ላይ ነው፤ የዚያ ዘመን ዲጂታል ደግሞ ከሲዲ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ይህን ሚክስ በ192 ቢያወጡት ከ22 ኪሎኸርዝ በላይ የሚጨመር ነገር የለም። የ24/44.1ዱን ዩኤስቢ መናቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ለዚህ አልበም ሐቀኛው ቁጥር እሱ ነው።

ሌሎቹ የቢትልስ አልበሞች ለ2009ኙ እትም ከአናሎግ ቴፕ ወደ ዲጂታል የተገለበጡት በ24/192 ነው፤ ለሕዝብ የቀረቡት ግን በሲዲ በ16/44.1፣ በዩኤስቢው በ24/44.1 ነው። የስቴሪዮዎቹ ዲስኮች ላይ በመጠኑ ሊሚተር (ከፍ ያሉ ድምፆችን የሚገታ መሣሪያ) ተደርጓል፤ የሞኖ ሲዲዎቹ ስብስብ (የሞኖው ሣጥን) ላይ አልተደረገም። ምክሬ ከዚህ ይነሳል፦ «ራበር ሶል»ን በሚገባ ለመስማት የሞኖው ሣጥን ሲዲ ይሻላል። እዚያው ዲስክ ላይ ከሞኖው ቀጥሎ የ1965 የመጀመሪያው ስቴሪዮ ሚክስም አለ፤ ስለዚህ በአንድ ሲዲ ሁለቱንም ያገኛሉ። 16 ቢት ቢሆንም ከያዙት የ24 ቢት ፋይል በላይ አዲስ ነገር ያሰማዎታል።

«ሪቮልቨር» ሌላ ሥራ የመሰለዎት ሌላ ሥራ ስለሆነ ነው። በጥቅምት 2022 መጨረሻ የወጣው ልዩ እትም ሪማስተር ሳይሆን ሪሚክስ ነው፤ የጆርጅ ልጅ ጃይልስ ማርቲን ከመነሻው እንደገና ቀላቅሎታል። በ1966 ድራም፣ ቤዝና ጊታር አንድ ትራክ ላይ ተጣብቀው ስለሚቀዱ ድሮ ለየብቻ ማንቀሳቀስ አይቻልም ነበር። የፊልም ዳይሬክተሩ የፒተር ጃክሰን ቡድን ድምፅ ነጣይ ሶፍትዌር ሠርቶ ያንን አንድ ትራክ በየመሣሪያው ከፋፈለው። ለዚህ ነው ድራሙ መሀል የገባው፣ ቤዙም የወፈረው። ጥሩ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን የ1966ቱ «ሪቮልቨር» ምትክ አይደለም። ሁለቱን ሲያወዳድሩ የሚሰሙት ልዩነት የሚክስ እንጂ የ96 ኪሎኸርዝ አይደለም። የልዩ እትሙን ትልቁን ስብስብ ከገዙ የመጀመሪያው ሞኖ ሚክስም አብሮ አለ፤ አስቀድመው እሱን ያዳምጡ።

የጆሮ ማዳመጫ ስለሚጠቀሙ አንድ ነገር ላክል። የዚያ ዘመን ስቴሪዮ ዘፋኙን አንድ ጆሮ ላይ ብቻ ሲያስቀምጥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራስ ያዞራል። በማጫወቻ ፕሮግራምዎ ክሮስፊድ የሚባል ማስተካከያ ካለ ይክፈቱት፤ የቀኙን ጥቂት ወደ ግራ፣ የግራውን ጥቂት ወደ ቀኝ ያሻግራል። ወይም ሞኖውን ይስሙ።

«ፔት ሳውንድስ»ን በተመለከተ መጀመሪያ የማረጋግጠው የገዙት ሞኖው ነው ወይስ ስቴሪዮው የሚለውን ነው፤ ሁለቱም በ192 ይሸጣሉ። የቢች ቦይሱ መሪ ብራያን ዊልሰን ቀኝ ጆሮው ከሞላ ጎደል ስለማይሰማ በግንቦት 1966 የወጣው አልበም የተቀላቀለው በሞኖ ብቻ ነበር። የመሣሪያው ክፍል በሦስት ወይም በአራት ትራክ ከተቀዳ በኋላ ወደ አንድ ሞኖ ትራክ ተቀላቅሎ ሌላ ቴፕ ላይ ይገባና የዘፋኞቹ ድምፅ በቀሪዎቹ ትራኮች ላይ ይቀዳ ነበር። ስቴሪዮው የመጣው በ1990ዎቹ ነው፦ የድምፅ መሐንዲሱ ማርክ ሊኔት የመሣሪያውን የመጀመሪያ ቴፕና የዘፋኞቹን ቴፕ በኮምፒውተር እኩል አስኪዶ ቀላቀላቸው። አንዳንዱ ድምፅ ግን ሞኖው ሲቀላቀል በቀጥታ የተጨመረ ስለሆነ በመልቲትራኩ (ትራኮቹ ለየብቻ ባሉበት ቴፕ) ላይ አይገኝም፤ ለዚህ ነው ስቴሪዮው በየቦታው ከሞኖው የሚለየው። የእርስዎ ሲዲም ፋይሉም ሞኖ ከሆኑና ከአንድ ዘመን ማስተሪንግ ከመጡ፣ ለውጥ አለመስማትዎ ትክክል ነው። አዲስ ነገር ካሻዎት ስቴሪዮው ይሰጥዎታል። ቅጂው ንጹሕ መሆኑን መፈተን ከፈለጉ ደግሞ በሞኖው «ሂር ቱዴይ» ላይ መሣሪያ ብቻ በሚጫወትበት ክፍል ከበስተጀርባ የሰዎች ወሬ አለ፤ ስለ ካሜራ ይነጋገራሉ። ሽሽታን በማጣሪያ የገደለ ሰው እንዲህ ያለውን ስስ ድምፅም፣ የሲምባሉን ጭራም፣ የኤኮውን ማብቂያም አብሮ ይጠርጋል። ከ1966 የመጣ፣ ፍጹም ጸጥ ያለ ቅጂ ሲያገኙ ከማመስገን በፊት ይጠርጥሩ።

ሞኖ ሁልጊዜ ይበልጣል ማለቴ እንዳይመስልዎት። ጃዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የቀረጻ ባለሙያው ሩዲ ቫን ጌልደር በኒው ጀርሲ ኢንግልውድ ክሊፍስ ለብሉ ኖት ኩባንያ የቀዳቸው፣ ለምሳሌ የዌይን ሾርተር «ስፒክ ኖ ኢቭል» (የተቀዳው ታኅሣሥ 1964) እና የኸርቢ ሃንኮክ «ሜይደን ቮዬጅ» (መጋቢት 1965)፣ በቀጥታ ሁለት ትራክ ላይ የገቡ ናቸው። መልቲትራክ ስለሌለ ሪሚክስ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ሞኖው ሸክላም ሁለቱን ትራክ በመደመር የተሠራ ነው። ለእነዚህ ስቴሪዮውን ይግዙ። ለቦብ ዲላን ግን በ2010 የወጣው የሞኖ ስብስብ ዋጋ አለው፤ የመጀመሪያዎቹን ስምንት አልበሞች ይዟል።

ሻጭ ገጾች ላይ 88.2 ወይም 176.4 የሚል ቁጥር ሲያዩ አይደናገሩ፤ እንዲያውም መነሻውን የሚነግርዎት ቁጥር እሱ ነው። ኤስኤሲዲ (ከፍተኛ ጥራት ያለው የሲዲ ዓይነት) የሚጠቀመው ዲኤስዲ የተባለው አቀዳድ በሴኮንድ 2.8224 ሚሊዮን ጊዜ ይመዘግባል፣ የ44.1 ሺህ 64 እጥፍ ማለት ነው። ወደ ተራ ዲጂታል ሲመለስ በቀላሉ የሚካፈለው ለ88.2ና ለ176.4 ነው። የሮሊንግ ስቶንስ የ1960ዎቹ አልበሞች በ2002 በዲኤስዲ ተዘጋጅተው በኤስኤሲዲ ስለወጡ ፋይሎቻቸው በኋላ በእነዚህ ቁጥሮች ለሽያጭ ቀረቡ። ዲኤስዲ ከ20ዎቹ ኪሎኸርዝ በላይ የራሱ ጫጫታ እየጨመረ ይሄዳል፤ ስለዚህ በ176.4 ፋይል ላይ እላይ የሚታየው ብርሃን ሙዚቃ አይደለም።

የሚታየው ስል፣ ራስዎ መመርመር ይችላሉ፤ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ኮምፒውተር ላይ ስፔክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጫኑና ፋይሉን ጎትተው ይጣሉበት። ሥዕል ያወጣል፦ አግድሙ ጊዜ፣ ቁመቱ የድምፁ ቅጥነት ነው። ከእውነተኛ አናሎግ ቴፕ በ96 የተገለበጠ ከሆነ ብርሃኑ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ቀስ እያለ እየደበዘዘ ይሄዳል። በትክክል 22 ኪሎኸርዝ ላይ በቀጥታ መስመር ከተቆረጠና ከዚያ በላይ ድቅድቅ ጥቁር ከሆነ፣ የ44.1 ፋይል ተለጥጦ ነው የተሸጠልዎት። 16 ኪሎኸርዝ ላይ ከተቆረጠ ደግሞ ባሰ፤ መነሻው ኤምፒ3 ሳይሆን አይቀርም። ለ«ራበር ሶል» ስቴሪዮ ግን 22 ላይ ቢቆም፣ ከላይ ባልኩት ምክንያት ጥፋት አይደለም።

ቀጥሎ ሞኖው እውነተኛ ሞኖ መሆኑን ይፈትኑ። የመጀመሪያው ምልክት የፋይሉ መጠን ነው፦ ሁለቱ ቻናሎች አንድ ከሆኑ ፍላክ (ድምፁን ሳያጎድል የሚጨምቅ የፋይል ዓይነት) አንዱን ብቻ ያከማቻል፤ ስለዚህ የሞኖው ፋይል ከስቴሪዮው ግማሽ ገደማ መሆን አለበት። ካልሆነ ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ይክፈቱት፣ ስቴሪዮውን ወደ ሁለት የሞኖ ትራክ ይክፈሉ፣ አንዱን «ኢንቨርት» በሚለው ይገልብጡና ሁለቱን ይቀላቅሉ። እኩል የሆነው ሁሉ ተጠፋፍቶ ጸጥታ መቅረት አለበት። የቀረው ከ−120 ዲሲቤል በታች ከሆነ ምንም አይደለም። ሽሽታ ብቻ ከቀረ ቴፑ በስቴሪዮ ጭንቅላት (የቴፕ ማጫወቻው ማንበቢያ) ተነቦ ሁለቱም ቻናል እንዳለ ተትቷል ማለት ነው። ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ማጫወቻዎን ወደ ሞኖ ቢያደርጉት ሽሽታው እስከ 3 ዲሲቤል ይቀንሳል። ሲምባሎቹ ከቀሩ ግን ጭንቅላቱ ከክሩ ጋር በትክክል ማዕዘን አልያዘም ነበር። እንዲህ ያለውን ፋይል ወደ ሞኖ ሲደምሩት ቀጭን ድምፁ ይደነዝዛል፤ መመለስ ያለበት ዕቃ ነው።

ሦስተኛው የድምፅ ከፍታ ነው፤ ሰዎችን በብዛት የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ፉባር2000 በሚባለው የማጫወቻ ፕሮግራም ላይ ሁለቱንም ቅጂ በሪፕሌይጌይን (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያስለኩ። አንዱ −3፣ ሌላው −7 ካለ፣ ሁለተኛው በ4 ዲሲቤል ይበልጥ ይጮኻል፤ ጆሮ ደግሞ የጮኸውን «ጠራ» ብሎ ይመሰክራል። ኦዳሲቲ ላይ ሞገዱን አጉልተው ሲያዩ ጫፎቹ በአንድ ቁመት ተደርድረው ጠፍጣፋ ከሆኑ ሊሚተር ተጭኖታል። ዲአር የሚባለውን፣ በከፍተኛውና በአማካዩ ድምፅ መካከል ያለውን ርቀት የሚለካ ቁጥር የሚጠቀሙ ከሆነ የአንድን አልበም እትሞች ለማስተያየት ብቻ ይጠቀሙበት። ለንደን ውስጥ በአቢ ሮድ ፌርቻይልድ 660 የሚባለው ሊሚተር ገና ሲቀዱ ይሠራበት ስለነበር ዝቅ ያለ ቁጥር የሪማስተሩ ጥፋት ላይሆን ይችላል። የሸክላ ዲአርም ከሲዲው ከፍ ብሎ ይለካል፤ አይመኑት።

የመጨረሻው ፈተና የራስዎ ጆሮ ነው፣ በትክክል ከተያዘ። የ192ቱን ፋይል ወደ 16/44.1 ይቀይሩት፤ ዲተር (ቢት ሲቀነስ የሚጨመር ስስ ሽሽታ) የሚለውን አይተዉ። የድሮውን ሲዲ አይጠቀሙ፤ ያኔ የሚያወዳድሩት ማስተሪንግን ነው። ዋናውንና የተቀየረውን በፉባር2000 የኤቢኤክስ መሣሪያ ሳያዩ 16 ጊዜ ይለዩ። 12ና ከዚያ በላይ ካላገኙ የሰጡት መልስ ከግምት አይለይም። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው ለ192 መክፈል የሚያቆመው።

በስልክ ማዳመጥዎ ሌላ መዘዝ አለው። በብሉቱዝ ከሆነ የገዙት ቢት ጆሮዎ አይደርስም፤ ጥሩ የሚባለው የብሉቱዝ መጭመቂያ ኤልዳክ እንኳ ቢበዛ 990 ኪሎቢት በሴኮንድ ነው፣ የ24/192 ስቴሪዮ ፋይል ያልተጨመቀ 9,216 ነው። አፕል የሚሸጣት ትንሿ የጆሮ ማዳመጫ ማገናኛ ከ24/48 አታልፍም፤ ለእነዚህ አልበሞች ግን በቂና ከዋጋዋ በላይ ጥሩ ነች። አንድሮይድ በተለምዶ ሁሉንም ወደ 48 ቀይሮ ነው የሚልከው፤ ይህን ለማለፍ ዳኩን በቀጥታ የሚያዝ ማጫወቻ፣ ለምሳሌ ዩኤስቢ ኦዲዮ ፕሌየር ፕሮ፣ ያስፈልጋል። ዳክዎ መብራት ካለው ቀለሙ ከፋይሉ ጋር ሲለዋወጥ ይመልከቱ፤ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ ስልኩ እየቀየረ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፉባር2000 ውስጥ ከመሣሪያው ስም አጠገብ «ኤክስክሉሲቭ» የሚለውን ይምረጡ።

የቦታና የዳታ ነገርም አለ። 24/192 ሳይጨመቅ በደቂቃ 69 ሜጋባይት ነው፣ 24/96 ግማሹ፣ ሲዲ 10.6። ፍላክ እንደ ሙዚቃው ወደ ግማሹ ወይም ወደ ሁለት ሦስተኛው ያወርደዋል። በሞባይል ፓኬጅ የሚያወርድ ሰው 35 ደቂቃ ለሆነ አልበም አንድ ጊጋና ከዚያ በላይ ከመክፈሉ በፊት ስለ ማስተሪንጉ ይጠይቅ።

የእኛንም ላንሳ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚመጣ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ በዎርዚ ሬከርድስ ያወጣቸው ሁለቱ «አፍሮ-ላቲን ሶል» አልበሞች የዚህ ዘመን ናቸው፤ ስትራት ሬከርድስ በ2018 ዳግም አሳትሟቸዋል። አገር ቤት ግን አምሃ ሬከርድስ የተመሠረተው በ1969 ስለሆነ፣ «የ60ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ አልበም በ24/192» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ምንጩን አጥብቀው ይጠይቁ። ቴፕ ሲጠፋ ከሸክላ ይገለበጣል፤ ነውር የለውም፣ ነገር ግን መጻፍ አለበት። ምልክቶቹ ቀላል ናቸው፦ ጠቅታ፤ ወደ ሸክላው መሀል ሲጠጋ የጎኑ መጨረሻ ዘፈን ላይ «ሰ» እና «ሸ» መሻከራቸው፤ ስፔክትሮግራሙ (ስፔክ የሚያወጣው ሥዕል) ላይ ደግሞ ከ30 ኸርዝ በታች የማያቋርጥ ጉርምርምታ። ለእንዲህ ያለው ቅጂ የሲዲ ዋጋ ይበቃል።

ስለዚህ ለእርስዎ፦ የ192ቱ «ፔት ሳውንድስ» ሞኖው ከሆነ ያቆዩት፣ ሌላ የሞኖ እትም አይግዙ፤ ቀጣዩ ወጪ ለስቴሪዮው ይሁን፣ በ96። «ሪቮልቨር» 2022ን እንደ ሁለተኛ ሥራ ያዳምጡት፣ አጠገቡ የ1966ቱን ሞኖ ያኑሩ። ለ«ራበር ሶል» የሞኖውን ሲዲ ፈልገው ወደ ፍላክ ይገልብጡ። ያሉዎትን ፋይሎች በሁለት ዲስክ ያስቀምጡ፤ ሱቆች እትሙን በአዲስ ሪማስተር ሲተኩ አሮጌውን ሊያነሱት ይችላሉ፣ ዳግም ሲያወርዱም የሚመጣው አዲሱ ሊሆን ይችላል። ፍላክ በውስጡ የድምፁን መለያ ቁጥር፣ ኤምዲ5 የሚባለውን፣ ስለሚይዝ ዛሬ ጽፈው ያስቀምጡት። ያኔ ፋይሉ ያው መሆኑን በአንድ እይታ ያውቃሉ።